የጓሮ ውኃ ማቆሪያ ኩሬ፦ ጥቅሙ፣ የጤና ጠንቁና አያያዙ
(በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ)

መግቢያ

በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኙት ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ የዝናብ መዛባት ደጋግሞ የሚጎዳቸው አካባቢዎች ናቸው። የመሬቱ አቀማመጥ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የጉና ተራራ ተነሥቶ እስከ በሽሎና ዓባይ ሸለቆዎች ይወርዳል። በዚህም ምክንያት ውርጭ የሚጥልበት ደጋና ሞቃታማው ቆላ በአንድ ወረዳ ውስጥ ይገናኛሉ። የክረምቱ ዝናብ በተዳፋቱ ላይ ፈጥኖ ወደ ወንዞቹ ስለሚወርድ በበጋ ወራት እናቶችና ልጆች ውኃ ፍለጋ ረጅም መንገድ ለመጓዝ ይገደዳሉ።

ይህንኑ ችግር ለማቃለል፣ በ1995 ዓ.ም. እና በተከታዮቹ ዓመታት በአማራ ክልል የቤተሰብ ውኃ ማቆሪያ ኩሬዎችን በስፋት የማስቆፈር ሥራ ተካሂዷል። ኩሬው አብዛኛውን ጊዜ አፉ ሰፊ፣ ታቹ ጠባብ ሆኖ ይቆፈርና ውኃው እንዳይሰርግ ጂኦሜምብሬን የተባለ ወፍራም ፕላስቲክ ይነጠፍበታል። ለጓሮ አትክልትና ለከብት እንዲያመች የሚቆፈረው ከመኖሪያ ቤቱ አጠገብ በመሆኑ፣ ጥቅሙም ጉዳቱም ከቤተሰቡ ደጃፍ አይርቅም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጤና ባለሙያዎች፣ በተለይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ባለ ኩሬ ቤተሰቦችን ለመምከር የሚያስፈልጋቸውን ዕውቀት በአጭሩ ማቅረብ ነው።

ኩሬው ለጤና የሚሰጠው ጥቅም

ውኃ ያለው ጓሮ በበጋም ጎመን፣ ካሮትና ቲማቲም ስለሚያበቅል የሕፃናትንና የነፍሰ ጡሮችን አመጋገብ ያሻሽላል። ከዚህም ሌላ የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ እጅግ ከጸናባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በሽታውን ለመከላከል ከተቀመጡት አራት ስልቶች አንዱ የፊት ንጽሕና በመሆኑ፣ ውኃ ለቤት መቅረቡ የልጆችን ፊት አዘውትሮ ለማጠብ ያስችላል። ስለዚህ የጤና ባለሙያው ምክር ኩሬን ከማውገዝ ሳይሆን ጥቅሙን ከማወቅ መነሣት ይኖርበታል። እህሉ በዝናብ እጥረት የተበላሸበት አርሶ አደር ኩሬህን ድፈን ቢባል ምክሩን አይቀበልም፤ ባለሙያውንም ዳግመኛ አይሰማም።

ወባና ከፍታ

የወባ ተውሳክ በትንኟ ሰውነት ውስጥ የሚያድገው እንደ አየሩ ሙቀት ነው። ፕላስሞዲየም ፋልሲፓረም በ25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በ12 ቀን ገደማ ለማስተላለፍ የሚደርስ ሲሆን፣ በ20 ዲግሪ ወደ 28 ቀን ይፈጅበታል፤ ከ16 ዲግሪ በታች እድገቱ ይቆማል። አብዛኞቹ ትንኞች ይህን ያህል ዕድሜ ስለማይኖራቸው እንደ ነፋስ መውጫ ባሉ ከፍተኛ ቦታዎች በኩሬ ምክንያት የወባ ሥርጭት መነሣቱ አጠራጣሪ ነው። በቆላውና በወይና ደጋው ግን ሁኔታው የተለየ ነው።

ከፍታን ብቻ ተማምኖ መዘናጋት እንደማይገባ የአገራችን ታሪክ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ የተነሣው ታላቅ የወባ ወረርሽኝ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያላቸውን ሥፍራዎች ያዳረሰ ሲሆን፣ 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደታመሙና 150 ሺህ ያህል እንደሞቱ ተገምቷል። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ በትግራይ የተካሄደ ጥናት ደግሞ፣ በአነስተኛ ግድቦች አጠገብ በሚኖሩ ሕፃናት ላይ የወባ ሕመም ርቀው ከሚኖሩት ጋር ሲነጻጸር ሰባት እጥፍ ሆኖ መገኘቱን አሳይቷል። ከጥናቱ ቀበሌዎች አንዳንዶቹ ከ2,000 ሜትር በላይ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ቀን ባለው ጊዜ ብቻ በአገሪቱ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን መመዝገባቸውም ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ አለመሆኑን ያስረዳል።

ሁሉም ኩሬ እኩል አደገኛ አይደለም። ዋነኛዋ የወባ አስተላላፊ አኖፊለስ አረቢየንሲስ ፀሐይ የሚያገኘውን፣ ጥልቀት የሌለውንና ጊዜያዊ ውኃ ትመርጣለች። ስለዚህ ጠርዙ ቀጥ ያለና ሣር ያልበቀለበት ሙሉ ኩሬ የሚያፈራው እጭ አነስተኛ ሲሆን፣ ፕላስቲኩ ተቀዶ በታቹ ጥቂት ውኃ ያቆረ የተተወ ኩሬና በዙሪያው በከብት ኮቴ የተቆፈሩ ጉድጓዶች ይበልጥ ምቹ መራቢያ ይሆናሉ። ከዚህ የሚገኘው ቁም ነገር ግልጽ ነው፤ ኩሬን በሚገባ መያዝ ራሱ ወባን መከላከል ነው፤ የማይጠገን ኩሬ ግን በአፈር መደፈን አለበት።

የመስመጥ አደጋ

ፕላስቲክ የተነጠፈበት ኩሬ ከተፈጥሮ ኩሬ ይልቅ ለመውጣት የሚያስቸግር ነው። ተዳፋቱ ውኃ ሲነካው ስለሚያንሸራትት የወደቀ ልጅ የሚጨብጠው ነገር አያገኝም፤ ጎልማሳም ቢሆን ያለ ረዳት መውጣት ሊያቅተው ይችላል። በደጋው ደግሞ የውኃው ቅዝቃዜ እጅና እግርን በደቂቃዎች ውስጥ ያዝላል።

በበለጸጉ አገሮች በግቢ የመዋኛ ገንዳ ባላቸው ቤተሰቦች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ጠቃሚ ትምህርት ይሰጣሉ። ገንዳውን በአራቱም ማዕዘን የከበበ አጥር፣ ቤቱ ራሱ አንደኛው ግድግዳ ሆኖ በሦስት ወገን ብቻ ከታጠረ ገንዳ ይልቅ ሕፃናትን በተሻለ ሁኔታ ይጠብቃል። የጓሮ ኩሬም እንዲሁ ነው፤ የቤቱ የጓሮ በር በቀጥታ ወደ ኩሬው የሚከፈት ከሆነ የግቢው አጥር ድክ ድክ የሚል ሕፃንን አያድነውም። ኩሬው ለብቻው በእሾህ ወይም በአጣና መታጠርና የሚዘጋ መግቢያ ሊበጅለት ይገባል። በተጨማሪም ቋጠሮ ያለው ጠንካራ ገመድ ከችካል ታስሮ እስከ ኩሬው ታች መውረድ ይኖርበታል። በእንጨትና በሣር የሚሠራ ክዳን ትነትን ይቀንሳል፤ ነገር ግን የሳሳ ክዳን ልጆች መሬት መስሏቸው እንዲረግጡት ስለሚያደርግ አጥርን አይተካም።

አደጋ ሲደርስ የሚሰጠው የመጀመሪያ ርዳታ የሚከተለው ነው፦
1. ዋና የማይችል ሰው ዘልሎ አይግባ፤ ገመድ ወይም ረጅም እንጨት ይወርወርለት።
2. የወጣው ሰው የማይተነፍስ ከሆነ አስቀድሞ 5 ጊዜ በአፍ ትንፋሽ ይሰጠው፤ ቀጥሎም 30 ጊዜ ደረትን መጫንና 2 ጊዜ ትንፋሽ መስጠት እየተፈራረቁ ይቀጥሉ።
3. ዘቅዝቆ መያዝም ሆነ ውኃ ለማስወጣት ሆድን መጫን ጊዜ ከማባከኑም በላይ ጎጂ ነው።
4. እርጥብ ልብሱ ወልቆ በደረቅ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ይሸፈን። ሰውነቱ የቀዘቀዘ ሰው የልብ ምት እጅግ ሊዘገይ ስለሚችል፣ ሞቷል ብሎ ርዳታውን በችኮላ ማቆም አይገባም።
5. የነቃም ቢሆን የመተንፈስ ችግር ከሰዓታት በኋላ ሊከሠት ስለሚችል ወደ ጤና ተቋም ይላክ።

የውኃው ንጽሕና

የኩሬ ውኃ ከጎርፍ የሚሰበሰብ በመሆኑ የሰውና የእንስሳት ዓይነ ምድር ይዞ ይገባል። ስለዚህ ለመጠጥ የታሰበ አይደለም። የተሻለ አማራጭ ሲጠፋ ግን ውኃው እንዲጠል ተደርጎና በንጹሕ ጨርቅ ተጣርቶ መፍላት ወይም በመመሪያው መሠረት በውኃ አጋር መታከም ይኖርበታል። ደፍራሽ ውኃ የክሎሪንን ኃይል ስለሚያዳክም ማጣራቱ አይዘለልም። በ3,000 ሜትር ከፍታ ውኃ በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ እንዲቆይ ይመከራል።

የዓመቱ የአያያዝ ሥርዓት

በግንቦት፣ ኩሬው በደረቀ ጊዜ፣ ደለሉ ፕላስቲኩን በማይቀድ መሣሪያ ይወጣል፤ የተቀደደው ይጠገናል፤ አጥሩም ይታደሳል። የፕላስቲኩ ጠርዝ በፀሐይ እንዳይሰባበር በአፈር ይቀበራል። በክረምት በመግቢያው ያለው የደለል ማጥመጃ ጉድጓድ ከከባድ ዝናብ በኋላ ይጠረጋል፤ ትርፍ ውኃ የሚወጣበትም ቦይ ይከፈታል። ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ወባ በሚበረታበት ወቅት፣ የጠርዙ ሣር በየሳምንቱ ይታጨዳል፤ የኮቴ ጉድጓዶች ይደፈናሉ፤ ከብቶችም ከኩሬው ውጭ በተዘጋጀ ገንዳ ይጠጣሉ። በበጋ ውኃው ሲጎድል በታቹ የሚቀረው ጥቂት ውኃ ለአትክልቱ ተጨልፎ ያልቃል።

እጭ መኖሩን ለማወቅ ነጭ ጭልፋ ይበቃል። ከጠርዙ ዙሪያ ደጋግሞ ሲጨለፍ ከውኃው ገጽ ጋር ትይዩ ሆኖ የሚንሳፈፍ እጭ የአኖፊለስ ሲሆን፣ ጭንቅላቱን ወደ ታች አዘቅዝቆ የሚንጠለጠለው የሌላ ትንኝ ነው። የወባው ዓይነት ከተገኘ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ማሳወቅና የፀረ እጭ ርጭት እንዲደረግ መጠየቅ ይገባል። አጎበር መጠቀምና ትኩሳት በተሰማ በ24 ሰዓት ውስጥ መመርመር ግን እጭ ባይገኝም አይቀሩም።

ማጠቃለያ

የቤተሰብ ኩሬ ቆፍረው የሚተዉት ሥራ አይደለም። በእርሻ ባለሙያው ዘንድ ተቆፍሮ ሲያልቅ የተፈጸመ የሚመስለው ኩሬ፣ በጤና ባለሙያው ዘንድ ክትትሉ ገና የሚጀመርበት ነው። ቤት ለቤት የሚዞር የጤና ሠራተኛ መጸዳጃ ቤቱን እንደሚጎበኝ ሁሉ ወደ ጓሮ ዘልቆ አጥሩን፣ ገመዱን፣ ጠርዙንና ውኃውን ቢመለከት፣ ቤተሰቡ ከኩሬው የሚያገኘውን ጎመን ሳያጣ ልጁንም ከመስመጥና ከወባ ሊጠብቅ ይችላል።