በስምጥ ሸለቆ ሙቀት ብስክሌት ለሚነዱ፡ የውሃው መጠንም ምንጩም ይታሰብበት

ቡልቡላ በኦሮሚያ ክልል ምሥራቅ ሸዋ ዞን በአዳሚ ቱሉ ጂዶ ኮምቦልቻ ወረዳ የምትገኝ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የቡልቡላ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክም የሚገኘው በዚሁ አካባቢ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1ሺህ 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ይህ የስምጥ ሸለቆ ሜዳ ለብስክሌት የተመቸ ቢሆንም፣ የዝናቡ ወቅት እስኪገባ ድረስ ያለው ፀሐይና ደረቅ ነፋስ ግን ለብስክሌት ነጂ ቀላል ፈተና አይደለም።

በብስክሌት ወደ ሥራ ገበታው የሚመላለስ ወይም ከቀበሌ ቀበሌ የሚዘዋወር ሠራተኛ በሙቀት ወቅት በቂ ውሃ መጠጣት እንዳለበት የታወቀ ነው። ይሁንና "ውሃ በብዛት ጠጡ" የሚለው ምክር በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ብቻውን አይበቃም። በዚህ ምድር ምን ያህል ውሃ እንደሚጠጣ ብቻ ሳይሆን የትኛው ውሃ እንደሚጠጣም መታወቅ ይኖርበታል።

ብስክሌት የሚነዳ ሰው ከሚያቃጥለው ኃይል ውስጥ ፔዳሉን ለማዞር የሚውለው ሩብ ያህሉ ወይም ከዚያ ያነሰው ብቻ ነው። ቀሪው ሙቀት ሆኖ በሰውነት ውስጥ ይከማቻል። ይህን ሙቀት ለማስወገድ ሰውነት ያለው ዋነኛ ዘዴ ላብ ሲሆን፣ 1 ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን 580 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በመካከለኛ ፍጥነት ለአንድ ሰዓት የሚነዳ ሰው ከ400 እስከ 500 ኪሎ ካሎሪ ያቃጥላል ተብሎ ቢሰላ፣ ከራሱ ሰውነት የሚመነጨውን ሙቀት ለማስወገድ ብቻ ከግማሽ ሊትር በላይ ላብ ያስፈልገዋል። የፀሐዩ ሙቀት፣ የጭነቱ ክብደትና የነፋሱ ግፊት ሲጨመሩበት በሰዓት የሚወጣው ላብ 1 ሊትርና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል።

ብስክሌት ነጂን ከእግረኛ የሚለየው ይህን ኪሳራ በቀላሉ አለማስተዋሉ ነው። በጉዞ ላይ የሚነፍሰው አየር ላቡን ወዲያው ስለሚያደርቀው ልብሱ አይረጥብም፤ ፊቱም ላይ ላብ አይታይም። ብስክሌቱን ሲያቆም ግን ላቡ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ጥምም ቢሆን ሁልጊዜ በወቅቱ አይደርስም። ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ የሚያህል ፈሳሽ ከጎደለ፣ ማለትም 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 1 ነጥብ 2 ሊትር ያህል ካጣ፣ የልብ ምት ይጨምራል፤ ጉልበትና ትኩረት ይቀንሳል። ከባድ ተሽከርካሪዎች በሚበዙበት አውራ ጎዳና ዳር ለሚነዳ ሰው ደግሞ የትኩረት መቀነስ የሕይወት ጉዳይ ነው።

የእያንዳንዱ ሰው ላብ መጠን የተለያየ በመሆኑ ለሁሉም የሚሆን አንድ ልክ የለም። የራስን ልክ ለማወቅ ግን ሚዛን ይበቃል። አንድ ሰው ከጉዞው በፊትና በኋላ ቢመዘን፣ የቀነሰው 1 ኪሎ ግራም ከጠፋ 1 ሊትር ፈሳሽ ጋር ይመጣጠናል፤ በጉዞው ላይ የጠጣው ውሃም በዚሁ ላይ ይደመራል። ሚዛን በሌለበት ጊዜ የሽንት ቀለም ያመለክታል። ፈዛዛ ቢጫ ከሆነ መልካም ነው፤ ጠቆር ካለና መጠኑም ካነሰ ሰውነት ውሃ ጎድሎታል። በአጠቃላይ ግን ከጉዞው 2 ሰዓት ቀደም ብሎ ግማሽ ሊትር ያህል መጠጣት፣ በጉዞ ላይም በየ15 እና 20 ደቂቃው ጥቂት መጎንጨት ለብዙ ሰው ይስማማል። ለዚህም በተለምዶ ሃይላንድ የሚባለውን የፕላስቲክ ጠርሙስ በንጽሕና ሞልቶ መያዝ ይበቃል።

ከልክ በላይ መጠጣትም የራሱ አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 በቦስተን ማራቶን ከተሳተፉ ሯጮች መካከል በ488ቱ ላይ በተደረገ የደም ምርመራ፣ 13 በመቶ የሚሆኑት በደማቸው ውስጥ ያለው የሶዲየም መጠን ከሚገባው በታች ወርዶ ተገኝቷል። ለዚህ ዋነኛ ምክንያት ሆኖ የተገኘውም ሯጮቹ ካጡት በላይ ፈሳሽ መጠጣታቸው ነበር። በመሆኑም ትክክለኛው መርሕ የጎደለውን መተካት እንጂ በተቻለ መጠን መጠጣት አይደለም። ከአንድ ሰዓት ለማይበልጥ ጉዞ ውሃና የተለመደው ምግብ ይበቃሉ፤ በላብ የወጣውን ጨው እንጀራና ወጡ ይተካዋል። ለረጅም ሰዓታት በፀሐይ የዋለና ብዙ ላብ ያላበው ሰው ግን በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ የተበጠበጠ ኦ.አር.ኤስ. ቢጠጣ ይጠቀማል።

የውሃው ምንጭ ጉዳይ የሚነሳውም እዚህ ላይ ነው። ስምጥ ሸለቆ በእሳተ ገሞራ የተፈጠሩ አለቶች የሚበዙበት ምድር በመሆኑ በብዙ ሥፍራ የከርሰ ምድር ውሃው ከፍተኛ የፍሎራይድ መጠን ይዞ ይወጣል። የፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና የባልደረቦቻቸው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1987 ታትሞ ከወጣ ወዲህ፣ ፍሎሮሲስ የተባለው ሕመም በስምጥ ሸለቆ ነዋሪዎች ላይ ያደረሰው ጉዳት በሰፊው ይታወቃል። በአዳማ አቅራቢያ በወንጂ የስኳር ልማት ለረጅም ዓመታት የጉድጓድ ውሃ የጠጡ ሠራተኞች ላይ አጥንትን የሚያጎብጥና አካልን የሚያሰናክል የሕመሙ ደረጃ ታይቷል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ጣሪያ በሊትር 1 ነጥብ 5 ሚሊ ግራም ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው ግምገማ በቀን ከ6 ሚሊ ግራም በላይ ፍሎራይድ መውሰድ ለአጥንት ጉዳት የሚያጋልጥ ምልክት እንዳለው፣ 14 ሚሊ ግራም ሲደርስ ደግሞ ጉዳቱ በግልጽ እንደሚታይ አመልክቷል። በሊትር 3 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ ካለው ጉድጓድ የሚጠጡ ሁለት ባልደረቦችን በምሳሌነት መውሰድ ይቻላል። ቢሮ ውሎ በቀን 2 ሊትር የሚጠጣው 6 ሚሊ ግራም ሲያገኝ፣ በብስክሌት ቀበሌ ሲዞር ውሎ 4 ሊትር የሚጠጣው 12 ሚሊ ግራም ይወስዳል። በዚያው ውሃ የተሠራው ወጥና የተፈላው ሻይ የሚጨምሩት ከዚህ ውጭ ነው። የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1962 ባወጣው ደረጃ የፍሎራይድ ልክን ከአየሩ ሙቀት ጋር አያይዞ መወሰኑም በሙቀት አገር ብዙ ውሃ ይጠጣል ከሚል ተመሳሳይ እሳቤ የመነጨ ነበር።

ከሌላ አካባቢ ተዛውሮ የመጣ ሠራተኛ ሌላም ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። በጥርስ ላይ የሚታየው ቡናማ ቀለም የሚከሰተው ጥርስ በሚፈጠርበት የልጅነት ዕድሜ ብቻ ነው። ስለዚህ ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ ወደ አካባቢው የመጣ ሰው ጥርሱ ነጭ እንደሆነ ይቆያል፤ ፍሎራይዱ ግን ዓመት በዓመት ላይ በአጥንቱ ውስጥ ይከማቻል። ምልክቱ የሚታወቀው የአንገት፣ የወገብና የመገጣጠሚያ መድረቅ ሲጀምር ነው።

ፍሎራይድ በመልክ፣ በሽታም ሆነ በጣዕም የማይለይ በመሆኑ መጠኑ የሚታወቀው በምርመራ ብቻ ነው። ውሃን ማፍላት ተህዋስያንን ቢገድልም ፍሎራይድን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ቀሪው ይበልጥ ይጠነክራል። ክሎሪንም በፍሎራይድ ላይ የሚያመጣው ለውጥ የለም። ፍሎራይድን የሚቀንሱት በአጥንት ከሰል ማጣራት፣ አሉምና ኖራ የሚጠቀመው የናልጎንዳ ዘዴ፣ የዝናብ ውሃን ማጠራቀም፣ እንዲሁም አነስተኛ ፍሎራይድ ካለው ምንጭ ውሃ ማምጣት ናቸው። የአጥንት ከሰሉ በጊዜው ካልተለወጠ አገልግሎቱ ያበቃል። የቡልቡላ ወንዝ ውሃ ከዝዋይ (ደምበል) ሐይቅ የሚመጣ ቢሆንም፣ ማንኛውም የገጸ ምድር ውሃ ሳይታከም ቢጠጣ ለተቅማጥና ለሌሎች ሕመሞች ያጋልጣል። ወንዙ የሚገባበት የአብያታ ሐይቅ ደግሞ ጨዋማ ስለሆነ ለመጠጥ አይውልም።

ከዚህ አንጻር ጉዳዩ ለሠራተኛው ብቻ የሚተው አይደለም። የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ሠራተኞቻቸው የሚጠጡት ውሃ የፍሎራይድ ምርመራ ውጤት ምን እንደሆነ የሚመለከተውን የውሃ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ፣ የተጣራ ውሃም በቢሮ አዘጋጅቶ ሠራተኛው ከመውጣቱ በፊት ጠርሙሱን እንዲሞላ ማድረግ ይጠበቅባቸዋል። የመስክ ጉዞን ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ማጠናቀቅ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ያለውን ለቢሮ ሥራ መተው ወጪ የሌለው መፍትሔ ነው። በተለይ በረመዳን ቀኑን ሙሉ ውሃ ለማይቀምሱ፣ በዐቢይ ጾምም እስከ ተሲያት ለሚቆዩ ሠራተኞች የሰዓት ድልድሉ ይህን ያገናዘበ ሊሆን ይገባል።

በጉዞ ላይ ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም የጡንቻ መኮማተር የተሰማው ሰው ወዲያው ወርዶ ጥላ ሥር ማረፍና ቀስ እያለ መጠጣት አለበት። ንግግሩ የተምታታ ወይም ራሱን የሳተ ከሆነ ግን በአፉ ምንም ሳይሰጠው፣ ሰውነቱን በውሃ እያራሱና እያራገቡ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል።

የሙቀቱ ጉዳት በሰዓታት ውስጥ ሲታይ የፍሎራይዱ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው። ሁለቱንም አስቀድሞ መከላከል የሚቻለው ግን ሠራተኛው ጠዋት ከቢሮ ሲወጣ ጠርሙሱን በተመረመረና በተጣራ ውሃ መሙላቱ ሲረጋገጥ ነው።