ጠላቂ የማይደርስበት ጉድጓድ

ተማሪ ሳለሁ «የነዳጅ ክምችት» ሲባል ከመሬት በታች የተንጣለለ ጥቁር ሐይቅ ነበር የሚታየኝ። ሐይቅ የሚባል ነገር የለም። ያለው አሸዋማ ድንጋይ ነው፤ ነዳጁ ሻይ ዳቦ ውስጥ እንደሚሰርገው በቅንጣቶቹ መካከል ሰርጎ ነው የሚገኘው።

ዛሬ ስለ ጂራሶል ላውጋችሁ። ስሙ በፖርቱጋልኛ የሱፍ አበባ ማለት ነው። ከአንጎላ ጠረፍ ወዲያ፣ 1,400 ሜትር ገደማ ከሚጠልቅ ውሃ ስር ያለ የነዳጅ መስክ ነው። በ1996 ተገኝቶ በ2001 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ማምረት ጀመረ። እዚያ ጥልቀት ጠላቂ አይወርድም። ቫልቮቹን የሚያዙት ከላይ በተንሳፈፈችው 300 ሜትር በምትረዝም መርከብ ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ የተበላሸ ነገር ካለ ሮቦት ይወርዳል። ጉድጓዱ አፍ ላይ የሚደፋውን የቫልቭ ክምር ሠራተኞቹ «የገና ዛፍ» ይሉታል። እኔ ዛፍም ገናም አልታየኝም።

ዋናው ጣጣ ግፊት ነው። ነዳጁ በተቀዳ ቁጥር ከታች ያለው ግፊት ይወርዳል። ከልክ በላይ ከወረደ፣ ለስላሳ ሲከፈት እንደሚሆነው፣ ነዳጁ ውስጥ የሟሟው ጋዝ ይለያል። ጋዙ ቀድሞ ሾልኮ ይወጣል፤ ነዳጁ እዚያው ተጣብቆ ይቀራል። ስለዚህ በሌሎች ጉድጓዶች ውሃ ወደ ታች ይገባል፤ ግፊቱን ይተካል፣ ነዳጁንም ከኋላ እየገፋ ያመጣል።

ውሃ ግን መንገድ ይመርጣል። አሸዋው ወጥ አይደለም፤ በላላው በኩል ሰንጥቆ ከነዳጁ ቀድሞ ከደረሰ ጉድጓዱ ውሃ መትፋት ይጀምራል። ስግብግብነት የሚያስቀጣው እዚህ ላይ ነው፦ ቫልቩን ዛሬ ወለል አድርጎ የከፈተ በዓመታት ውስጥ የሚያገኘውን ነዳጅ ሊያጣ ይችላል። ታዲያ ውሃው የት እንደደረሰ በምን ይታወቃል? የድምፅ ሞገድ ወደ ታች ይላካል፣ ገደል ማሚቶው ይቀዳል። ጂራሶል ላይ ምርት ከመጀመሩ በፊት የተቀዳው በ2002 እንደገና ተቀዳ፤ በሁለቱ ምስሎች መካከል ያለው ልዩነት ፈሳሹ የተጓዘበትን መንገድ ያሳያል።

ምርት በድንገት ሲቆም ደግሞ ሌላ ሩጫ ይመጣል። ታች ያለው የባሕር ውሃ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ቧንቧው ውስጥ የቆመው ጋዝና ውሃ ከቀዘቀዘ፣ በዚያ ግፊት፣ ዜሮ ዲግሪ ሳይደርስም በረዶ መሰል ድፍን ሆኖ ቧንቧውን ይዘጋዋል። ቧንቧዎቹ ሙቀት እንዳያመልጥ የሚሸፈኑት፣ ሜታኖልም የሚጨመረው ለዚህ ነው።

የተደፈነ ቧንቧ እንዴት እንደሚከፈት ማወቅ የምትፈልጉ አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልኝ፤ ራሱን የቻለ ጉድ ነው።