አራት ኪሎ መንገዱ ሲሰፋ

የተወደዳችሁ እኅቶች፣ ማንጋፍ ሆናችሁ በልባችሁ የምትመላለሱበት የአራት ኪሎ መንገድ መልኩ ተለውጧል። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት የተባለው ሥራ ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ሲዘረጋ የእግረኛው መሄጃ ሰፋ፤ ለብስክሌትም መስመር ወጣለት፤ መብራት በዛ። ከሳይንስ ፋኩልቲ ለሚወጣው ተማሪ ደግ ነገር ነው፤ ቀድሞ ከታክሲ ጋር እየተጋፋ ነበር የሚሄደው።

ነገር ግን በዚያው ሥራ ፒያሳ ላይ ብዙ ቤት ፈረሰ፤ ነዋሪውም ወደ ከተማው ዳር ተዛወረ። እናት ምትክ ቤት ብታገኝ ዕድሯንና የቡና ጎረቤቷን ከየት ታመጣለች? ፕላኑ ሲወጣ ይህም መቆጠር ነበረበት እላለሁ።

እንግዲህ እኅቶቼ፣ ለቤት ማደሻ ብላችሁ የወራት ደመወዛችሁን ከመላካችሁ በፊት፣ ቤቱ በፕላኑ መስመር ውስጥ ይግባ አይግባ ቤተሰቦቻችሁ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄደው ይጠይቁላችሁ።