የቆመ የጀልባ ሞተር እንዴት ይነሣል?

የዛሬው ንግግራችን ብዙ ዓመት ስለ ቆመ የጀልባ ሞተር ነው።

በጣና ሐይቅ መካከል ሞተር ቢጠፋና ነፋስ ቢነሣ፣ አደጋው የሕይወት ነው። ስለዚህ የቆመ ሞተር ዳር ላይ ሳይፈተሽ ወደ ሐይቅ አይወጣም።

አንደኛ፣ አሮጌውን ቤንዚን በጀሪካን ቅዱት። ሐይቁ ውስጥ ግን አትድፉት። ቤንዚን ሲቆይ እንደ ሙጫ ይሆንና የካርቡራተሩን ቀዳዳ ይደፍናል። ካርቡራተሩን ፈታችሁ እጠቡ። እሳትና ሲጋራ አታስጠጉ።

ሁለተኛ፣ ካንዴላውን ፍቱ። ጥላሸቱን ጥረጉ፤ ካረጀ ለውጡት። ብልጭታ ከሌለ ቤንዚኑ አይቀጣጠልም።

ሦስተኛው ዋናው ነገር ነው። የብዙዎቹ አሮጌ ሞተሮች ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ይደባለቃል። ዘይቱ ካነሰ ፒስቶኑ ይግልና ይጣበቃል፤ ሞተሩም ይበላሻል። ታዲያ ስንት ይደባለቅ? የሞተሩን መምሪያ አንብቡ። 1:50 የሚል ከሆነ፣ ለ10 ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው። 1:25 ካለ ግን 400 ሚሊ ሊትር ነው። አያችሁ? ቁጥሩን ሳያነብ በግምት የሚጨምር ሰው የዘይቱን ግማሽ ሊያስቀር ይችላል።

አራተኛ፣ የሞተሩን የታችኛውን ክፍል ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ ንከሩ። ከዚያ ገመዱን ሳቡ። ሞተሩ ሲነሣ ማቀዝቀዣው ውሃ በቀዳዳው መውጣቱን እዩ። ካልወጣ ቶሎ አጥፉት፤ የውሃ መሳቢያው ጎማ ደርቆ ይሆናል።

ሞተሩ ደህና ቢሠራም፣ ወደ ሐይቅ ስትወጡ መቅዘፊያ መያዝ አትርሱ። ደህና ሰንብቱ!