የጋራ ግድግዳና የሌሊት ድምፅ በሞያሌ

ሞያሌ በአንድ ስም የምትጠራ፥ ነገር ግን በሁለት መንግሥታት ሕግ የምትተዳደር ከተማ ናት። አዲስ አበባንና ናይሮቢን የሚያገናኘው መንገድ በመካከልዋ ያልፋል፤ በኅዳር 2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኬንያ መሪዎች የጋራውን የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያ በዚያው መርቀው ከፍተዋል። መንገድ ባለበት ነጋዴ፥ ሾፌርና ደላላ አይጠፋም፤ እነዚህም ማደሪያ ይሻሉ። ስለዚህ በአንድ የቆርቆሮ ጣራ ሥር በመደዳ የተሠራ የኪራይ ክፍል እንዲህ ባለ ከተማ ዋና መጠለያ ነው።

የችግሩም ሥር ከዚሁ ይጀምራል። የአንዱ ተከራይ ራስጌ ከሌላው ተከራይ ራስጌ ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል። አንደኛው ሳይነጋ በሚነሣው አውቶቡስ ለመሳፈር በጊዜ ይተኛል፤ ሁለተኛው ሱቁን ዘግቶ የሚገባው ከምሽቱ በ4 ሰዓት ነው፤ እንደ ገባም ቴሌቪዥኑን ይከፍታል። ከሁለቱ አንዳቸውም ክፉ ሰው አይደሉም።

ብዙ ሰው ጥፋቱን ሁሉ በግድግዳው ቅጥነት ያሳብባል፤ ይህም እውነትነት የጎደለው አይደለም። ይሁን እንጂ የግድግዳው ክብደት እጥፍ ቢሆን እንኳ የሚገታው ድምፅ በ5 ወይም በ6 ዴሲቤል ያህል ብቻ ይጨምራል። በመደዳ ቤት ዘንድ ከሁሉ የሚብሰው ቀዳዳ ያለው ከበላይ ነው። ይኸውም ግድግዳው ከኮርኒሱ ላይ ሲደርስ ይቆምና በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ያለው ባዶ ስፍራ ለሁሉም ክፍል የጋራ ሆኖ ይቀራል፤ ድምፁም ግድግዳውን ተሻግሮ እንደ ጢስ በዚያ ይዞራል። ኮርኒሱ የአቡጀዴ ከሆነማ እንደሌለ ይቈጠራል። ስለዚህ ተከራይና አከራይ ቢስማሙ የመጀመሪያው ሥራ ግድግዳውን እስከ ጣራው ድረስ በብሎኬት ወይም በጭቃ ማድረስ፥ ከዚያም ስንጥቁንና የመብራት ሽቦ የሚያልፍበትን ቀዳዳ መምረግ ነው።

ብርድ ልብስ በግድግዳ ላይ መስቀል፥ የእንቁላል ካርቶን መለጠፍም የተለመደ ነው። ይህ በክፍሉ ውስጥ ያለውን የድምፅ ማስተጋባት ይቀንሳል እንጂ የጎረቤትን ድምፅ አያግድም፤ ገንዘብ ለማውጣትም አያበቃም። ልብስ የሞላ ቁም ሣጥን በግድግዳው ዳር ማቆም ግን ጥቂት ይረዳል። ከሁሉ የሚቀለው አልጋውን ወደ ሌላው ግድግዳ ማዞር ነው፤ ክፍሉ ጠባብ ሆኖ ይህ የማይቻል ቢሆን ጎረቤት ቴሌቪዥኑንና የድምፅ ማጉያውን ከጋራው ግድግዳ ነቅሎ በወፍራም ላስቲክ ላይ እንዲያስቀምጥ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሕጉስ ምን ይላል? በኬንያ በኩል በ2001 ዓ.ም. የወጣው የድምፅ ደንብ ለመኖሪያ ቤት ውስጥ በቀን 45፥ በሌሊት 35 ዴሲቤል ወስኗል። የሌሊቱ ልክ የሚጀምረው እንግሊዝኛው 8 ሰዓት በሚለው ጊዜ ነው፤ አማርኛም ሆነ ስዋሂሊ ተናጋሪው ግን ሰዓቱን ከንጋት ስለሚቈጥር ከምሽቱ 2 ሰዓት ይለዋል። በኢትዮጵያ በኩል የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1225ኛው አንቀጽ ባለሀብት ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጢስ፥ ሽታ፥ ድምፅ ወይም ንቅናቄ እንዳያደርስ ይከለክላል፤ የአካባቢው ልማድም እንዲታይ ያዛል። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ያረቀቀው ይህ ሕግ ወደ አማርኛ ሲመለስ ጉርብትና የሚለው ቃል ለአንባቢ ማብራሪያ የሚያሻው አልነበረም።

ዴሲቤል የሚለካው መሣሪያ ግን በተከራይ እጅ የለም፤ ክስም ለአንድ ሌሊት እንቅልፍ የሚዘልቅ መንገድ ነው። ስለዚህ ነገሩ የሚያልቀው አከራይና አንድ ሁለት ሽማግሌ በተገኙበት ነው። በሞያሌ ይህን መናቅ አይገባም። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ሰላማዊ ሰዎች በወታደሮች በተገደሉ ጊዜ ብዙ ሺህ ሰው ከኢትዮጵያው ወገን ወደ ኬንያው ሸሽቷል። እንዲህ ያለ ቀን ያየ ሰው በሌሊት ከግድግዳው ማዶ አንዳች ነገር ሲንኳኳ የሚነቃው ጎረቤቱን ስለ ጠላ አይደለም፤ ሽማግሌውም ገና ቴሌቪዥኑ የት ይቀመጥ ከማለቱ በፊት ይህንኑ ለባለቴሌቪዥኑ መንገር ይኖርበታል።