ስክሪኑን የሚጭረው ጣት አይደለም

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ላቫጆ ገብቶ ሥራውን የሚመለከት ሰው ይህን ያያል። አጣቢው ልጅ የመኪናውን ምንጣፍ ያራግፋል፣ የበሩን ጠርዝ ይጠርጋል፣ ከዚያም ያንኑ ጨርቅ አንዴ ብድግ አድርጎ አራግፎ ዳሽቦርዱን ይወለውላል። እግረ መንገዱንም መሃል ላይ ያለውን ትልቅ ስክሪን ክብ እየሠራ ያሸዋል። ስክሪኑ ለጊዜው ያብረቀርቃል። ፀሐይ በጎን ስታርፍበት ግን እንደ ፀጉር የቀጠኑ ክብ ክብ ጭረቶች ብቅ ይላሉ።

ጥፋቱ የአቧራው ነው። ማዕድናት በሚለኩበት የሞስ የጥንካሬ መለኪያ ተራ መስታወት 5 ተኩል ግድም ሲያገኝ፣ በአቧራና በአሸዋ ውስጥ የሚገኘው ኳርትዝ 7 ያገኛል። የሰው ጥፍር 2 ተኩል ብቻ ነው፤ የወርቅ ቀለበትም ከመስታወት ይለሰልሳል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ከሚነካካው ጣት ይልቅ፣ አቧራ የያዘ ደረቅ ጨርቅ በአንድ ደቂቃ የበለጠ ይጎዳዋል። ላይኛው ፊቱ ፕላስቲክ የሆነ ስክሪን ሲሆን ደግሞ ጥፍርም ሊጭረው ይችላል።

የሚነካ ስክሪን በመኪና ላይ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1986 የአሜሪካው ቢዩክ ሪቪዬራ እንደ ድሮ ቴሌቪዥን በካቶድ ቱቦ የሚሠራ የሚነካ ስክሪን ይዞ ወጥቶ ነበር፤ በ1990 ሞዴሉ ላይ ግን ተነሣ። በ2012 ቴስላ ሞዴል ኤስ 17 ኢንች ስክሪን ይዞ ሲመጣ ዘመኑ ተለወጠ። ኢትዮጵያም በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ፣ የሚሽከረከር ስክሪን ያላቸው ቢዋይዲዎችና ሌሎች የኤሌክትሪክ መኪኖች በየመንገዱ ይታያሉ። በእነዚህ መኪኖች ላይ ስክሪኑ ከሬዲዮ አልፏል። የአየር ማቀዝቀዣው፣ የኋላ ካሜራው፣ የባትሪው መረጃ ሁሉ በእሱ ነው። ለዚህም ነው እንክብካቤው ከውበት በላይ የሚሆነው።

የአብዛኛው አዲስ ስክሪን አሠራር ከስልክ ጋር አንድ ነው። ከመስታወቱ ሥር ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ስስ ንጣፍ አለ፤ ጣት ሲቀርብ የኤሌክትሪክ መስኩ ስለሚለወጥ መኪናው የተነካውን ቦታ ያውቃል። ቀጭን ጭረት ይህን አያቆመውም። ጉዳቱ ብርሃን መበተኑ ነው፤ ቀን ላይ ካርታውን ማንበብ ያስቸግራል። ከመስታወቱ በላይ ደግሞ ቅባትና የጣት አሻራ እንዳይጣበቅ፣ ነጸብራቅም እንዳይበዛ የሚከላከል ዓይን የማያየው ሽፋን ይቀባል። የቤት መስኮት ማጽጃ ውስጥ ያለው አሞኒያ፣ በረኪና፣ የእጅ ሳኒታይዘር ይህን ሽፋን ቀስ በቀስ ይበሉታል። አንዴ ከተላጠ ቦታው ደብዝዞ ይቀራል፤ አሻራም ይወዳል። የቴስላ መመሪያም መስታወት ማጽጃንና ዌት ዋይፕን (የታሸገ እርጥብ መጥረጊያን) በግልጽ ይከለክላል።

ትክክለኛው አሠራር ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል። መኪናው ጥላ ሥር ቆሞ ስክሪኑ ይቀዝቅዝ፣ ይጥፋም። መጀመሪያ አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ሳይጫኑ ይነሣ። ከዚያ ለስክሪን ብቻ የተለየ ንጹሕ ማይክሮፋይበር ጨርቅ በጥቂት የተጣራ ውኃ ይርጠብ። ውኃው ጨርቁ ላይ እንጂ ስክሪኑ ላይ አይረጭ፤ በጠርዙ ሰርጎ ይገባልና። አጠራረጉ ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብሎ፣ ጨርቁን እያገላበጡ ይሁን። ላቫጆ የሚያስገባ ሰው ይህን ጨርቅ ኪሱ ውስጥ ይዞ ስክሪኑን ለራሱ ቢተው ይሻላል።

ስክሪን ጋርድ ይረዳል፤ ካርቶኑ ላይ የሚነበበው «9ኤች» ግን ብዙ ሰው ያሳስታል። ቁጥሩ የእርሳስ ጥንካሬ መለኪያ ነው፤ በጣም ጠንካራው እርሳስ አይጭረውም ማለት እንጂ አሸዋ አይጭረውም ማለት አይደለም። ጥቅሙ ሌላ ነው፦ ጭረቱን እሱ ይቀበላል፣ ሲበላሽም ይቀየራል። ደብዛዛው ዓይነት ነጸብራቅ ይቀንሳል፤ ምስሉን ግን ትንሽ ያደበዝዛል። መለጠፍ ያለበት ለዚያው ሞዴል የተቆረጠው ነው፤ በርና መስኮት ተዘግቶ ይሁን፤ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ከሥር ከገባች አረፋ ሆና ትቀራለችና።

ጋርድ የማይመልሰውም ጉዳት አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አልትራቫዮሌት ጨረሩ ይበረታል፤ በቆመ መኪና ውስጥ ሙቀቱ ሲጨመርበት የስክሪኑን ንጣፎች የያዘው ሙጫ ያረጃል። የፊት መስታወት መጋረጃ ለዚህ ከማንኛውም ጋርድ ይበልጣል።

ለተጫረ ስክሪን የጥርስ ሳሙና መቀባት የሚመክሩ አሉ። የጥርስ ሳሙና ግን ራሱ ሻካራ ነገር ስላለበት የተረፈውን ሽፋን ይፍቃል። ጭረቱ ቀጭን ከሆነ ጥሩ ፊልም መለጠፍ ይሻላል፤ ሙጫው ጭረቱን ሞልቶ ከዓይን ይሰውረዋል።