የአክሲዮን ዋጋ የሚመለስበትን ጊዜ በግብይት ብዛት ማወቅ ይቻላልን?

በአክሲዮን ገበያ በየቀኑ ሁለት ቁጥሮች ይመዘገባሉ። አንደኛው አክሲዮኑ የተሸጠበት ዋጋ ሲሆን፣ ሁለተኛው በዚያ ቀን ከሻጭ ወደ ገዥ የተላለፉት አክሲዮኖች ብዛት ነው። አብዛኛው ሰው የሚያየው ዋጋውን ብቻ ነው። ነገር ግን ሲወጣ የቆየው ዋጋ የሚወርድበትን፣ ሲወርድ የቆየውም የሚነሣበትን ጊዜ አስቀድመው ለመገመት የሚሹ ነጋዴዎች ሁለተኛውን ቁጥር አጥብቀው ይመረምራሉ። ይህ ምርመራ ምን ያህል ያስተማምናል?

ነገሩን በምሳሌ እንመልከት። በእህል ገበያ አንድ ኩንታል ጤፍ ብቻ በውድ ዋጋ ቢሸጥ፣ ጤፍ ተወደደ ለማለት አያስደፍርም፤ ገዥው ምናልባት የቸኮለ ሰው ይሆናል። በዚያው ዋጋ አምስት መቶ ኩንታል ቢሸጥ ግን ብዙ ሰው የተስማማበት ዋጋ መሆኑ ይታወቃል። የአክሲዮንም ነገር እንዲሁ ነው።

ከዚህም የተነሣ ነጋዴዎች ሦስት ምልክቶችን ይጠብቃሉ።

1ኛ/ ዋጋውና ብዛቱ አብረው ሲጨምሩ፣ አዳዲስ ገዥዎች እየገቡ ነውና ጉዞው ይቀጥላል ይላሉ።

2ኛ/ ዋጋው እየወጣ ብዛቱ ቀን በቀን ሲያንስ፣ ገዥው እየሳሳ ስለ ሆነ መመለሻው ቀርቧል ይላሉ።

3ኛ/ ዋጋው ሲወርድ ቆይቶ በአንድ ቀን ከወትሮው ብዙ እጥፍ የሆነ አክሲዮን ሲሸጥ፣ የፈራው ሁሉ ሸጦ ወጥቷልና ዋጋው ይነሣል ይላሉ።

አሜሪካዊው ጆሴፍ ግራንቪል እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሐሳብ በቀላል ሒሳብ አቀረበው። ዋጋው ከፍ ባለበት ቀን የዕለቱን ብዛት መደመር፣ ዝቅ ባለበት ቀን መቀነስ ነው። ድምሩ ከዋጋው ቀድሞ አቅጣጫውን ቢለውጥ፣ ዋጋውም ይከተለዋል ሲል አስተማረ።

እንግዲህ ሦስተኛውን ምልክት በኒው ዮርክ ገበያ ታሪክ እንፈትነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 19 ቀን 1987 የዶው ጆንስ አማካይ በአንድ ቀን 22.6 በመቶ ወደቀ፤ 604 ሚሊዮን ያህል አክሲዮኖችም ተሸጡ። በማግሥቱ ዋጋው ተነሣ። ከዚያም ወዲህ አማካዩ በዚያ ሰኞ ከተዘጋበት ቁጥር በታች ተዘግቶ አያውቅም። ምልክቱ ሠራ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1929 ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ጥቅምት 24 ቀን 12.9 ሚሊዮን፣ ጥቅምት 29 ቀን ደግሞ 16.4 ሚሊዮን ያህል አክሲዮኖች ተሸጡ፤ ይህም ለዘመኑ ተሰምቶ የማይታወቅ ብዛት ነበር። ሻጩ አለቀ ብሎ በዚያን ጊዜ የገዛ ሰው ጥቂት ወራት ደስ ቢለውም፣ ባንኮች ሲወድቁና ፋብሪካዎች ሲዘጉ እርሱ ራሱ ሻጭ ሆነ። በመስከረም 1929 ከ381 ደርሶ የነበረው አማካይ ሐምሌ 8 ቀን 1932 ወደ 41 ወረደ። እውነተኛው መመለሻ ያ ቀን ነበር፤ የተሸጡት አክሲዮኖች ግን አንድ ሚሊዮን እንኳ አልሞሉም። ገበያው የተመለሰው በጩኸት ሳይሆን በዝምታ ነው።

ይህ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። ለእያንዳንዱ ሻጭ አንድ ገዥ ስላለ፣ ብዛት የሚነግረን ብዙ ሰው መገበያየቱን እንጂ ነገ ማን እንደሚሸጥ አይደለም።

የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ስለ ጀመረ፣ ነገሩ ለእኛም የሩቅ ወሬ አይደለም። ጥቂት አክሲዮን ብቻ በሚዘዋወርበት ገበያ አንድ ሰው ብቻውን የዕለቱን ብዛት እጥፍ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ ነገ ደመወዝ በልተን የቆጠብነውን ገንዘብ ይዘን ስንሄድ፣ ብዛቱን እንደ ምስክር እንስማው እንጂ እንደ ነቢይ አንከተለው። ከእርሱም ይልቅ የኩባንያውን የትርፍና የዕዳ መዝገብ አስቀድመን እንመርምር።